ልጆች ይዞ ለፋሲካ ሐዋሳ፦ ሐይቅ ዳር፣ መሃል ከተማ፣ ኪራይ ቤት ወይስ ወንዶ ገነት?

ለፋሲካ ሰሞን ሐዋሳ ለመውረድ ያሰበ ቤተሰብ ሆቴል ሲደውል ቀድሞ የሚጠይቀው «ሐይቁ የሚታይበት ክፍል አለ?» ብሎ ነው። ትንሽ ልጅና አያት ይዞ ለሚሄድ ሰው ግን ከዚህ በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ። ከተማዋ ያለችው በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ ስለሆነ፣ ሐይቁን የሚያሳይ መስኮት ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው። ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ እስክትጠልቅ ድረስ ፀሐይ በቀጥታ ትገባበታለች። ጀንበሯ ሐይቁ ላይ ስትጠልቅ ማየት ደስ ይላል፤ ግድግዳው ቀን የያዘው ሙቀት ግን እስከ ምሽቱ 4 እና 5 ሰዓት አይለቅም፤ ልጆቹም አይተኙም።

ስለዚህ እዚህ የምናነጻጽረው የሆቴል ስም አይደለም። በአንድ ሆቴል ውስጥ እንኳ ፊት ለፊት ያሉ ሁለት ክፍሎች የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የምናነጻጽረው አራት ዓይነት ማደሪያ ነው፤ ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል፣ መሃል ከተማ ያለ ሆቴል፣ ዕቃው የተሟላ ኪራይ ቤት፣ እና ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዶ ገነት።

በምን እንለካቸው?

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሙቀቷ እንደ አፋር ወይም እንደ ጋምቤላ አይደለም፤ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ከሰዓት በኋላ 30 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፣ ሌሊት ውጭው በደንብ ይቀዘቅዛል። ሌሊት የሚያስጨንቀው እንግዲህ አየሩ ሳይሆን ሙቀት ይዞ የቆየ ክፍል ነው።

ቀን ላይ ደግሞ ዋናው ነገር የፀሐይዋ አቅጣጫ ነው። መጋቢት 30 አካባቢ ፀሐይ ሐዋሳ ላይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ሰው ጥላውን የሚያገኘው እግሩ ሥር ብቻ ነው። ፋሲካ የሚውለው ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ በዓሉ ሁልጊዜ በዚህ ወቅት ነው። በዚያ ሰዓት ግድግዳ ተጠግቶ ጥላ ማግኘት አይቻልም፤ ከላይ የሚሸፍን ነገር ያስፈልጋል። አየሩ ነፋሻ ቢሆን እንኳ ከፍታው ስላለ ፀሐይዋ ቆዳ ታቃጥላለች፣ ልጆች ደግሞ ማታ እስኪያማቸው ድረስ አይታወቃቸውም።

መለኪያዎቹ ከዚህ ይመጣሉ። ከቀኑ 5 እስከ 9 ሰዓት የሚዋልበት እውነተኛ ጥላ አለ ወይ? ክፍሉ ማታ 2 ሰዓት ላይ ቀዝቅዟል ወይ? ልጆች በሰላም የሚገቡበት ውሃ አለ ወይ? ሰው ሲበዛ መሸሻ አለ ወይ? ቢምቢ እንዴት ነው? በመጨረሻም ከክፍሉ ኪራይ በላይ ስንት ይወጣል? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከሌሎቹ ሁሉ ይቀድማሉ። ቀን ጥላ ያላገኘና ሌሊት ያልተኛ ልጅ ያለበት ቤተሰብ በሁለተኛው ቀን መመለስ ነው የሚያምረው።

ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል

የሐይቅ ዳር ሆቴል ትልቁ ሀብቱ ክፍሉ ሳይሆን ግቢው ነው። ትልልቅ ዛፍ ያለው ግቢ ከሆነ የቀኑን ክፉ ሰዓት እዚያው ታሳልፉታላችሁ። ከረፋዱ ጀምሮ ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስም ያግዛል። ግን ጥላ ሁሉ አንድ አይደለም። የዛፍ ጥላ ከሁሉ ይበልጣል፤ ቅጠሉ ፀሐይዋን ከመከልከሉም በላይ ራሱ አይግልም። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ዳስ ግን ይግልና ሙቀቱን ወደ ታች ይልካል። ጃንጥላው ደግሞ በስድስት ሰዓት ሙሉ ጥላ ቢኖረውም በዘጠኝ ሰዓት ጥላው ከጠረጴዛው አልፎ ሄዷል። ከውሃው የሚያንጸባርቀው ብርሃንም በጎን ስለሚገባ ከጃንጥላ ሥር ተቀምጦ ፊቱ የሚቃጠል ልጅ ብዙ ነው። ሰፊ ጠርዝ ያለው ኮፍያና እጅጌው ረጅም የሆነ ስስ የጥጥ ልብስ እዚያም አይወለቅም።

ክፍል ስትይዙ ወደ ግቢው ወይም ወደ ከተማው የሚያየውን ጠይቁ። ወደ ምሥራቅ የሚያይ ክፍል ጠዋት ፀሐይ ያገኘዋል፣ እናንተ ደግሞ በዚያን ጊዜ ውጭ ናችሁ፤ ከሰዓት ጥላ ይሆንና ማታ ቀዝቅዞ ይጠብቃችኋል። ብዙ ቦታ ዋጋውም ከሐይቅ ዕይታው ያነሰ ነው። የመጨረሻውን ፎቅ አትውሰዱ። ከላይ ያለው ሶሌታ ቀኑን ሙሉ ሲሞቅ ይውልና ሙቀቱን የሚለቀው እናንተ ስትተኙ ነው። ከላዩ ሌላ ፎቅ ያለው ክፍል ይሻላል።

ወደ ሐይቁ የሚያየው ብቻ ከቀረ ተስፋ አትቁረጡ። ከቀኑ 7 ሰዓት መጋረጃውንም መስኮቱንም ዝጉ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ወንፊት ያለው መስኮት ከሆነ ክፈቱ፣ ቬንትሌተሩንም ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ አዙራችሁ መስኮቱ አጠገብ ለግማሽ ሰዓት አስነሱት። የታመቀው ሙቅ አየር ይወጣል፣ ቀዝቃዛው በበሩ በኩል ይገባል። ከዚያ በኋላ ወደ አልጋው ይዞራል።

ስለ ውሃው እቅጩን እንናገር። ሐዋሳ ሐይቅ ለልጆች መዋኛ አይደለም። ቢልሃርዚያ አለበት፤ ተሸካሚው ቀንድ አውጣ ሣር በበዛበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ይኖራል፣ ትሉም በቆዳ በኩል ነው የሚገባው። ስለዚህ «ቁርጭምጭሚት ድረስ ብቻ» ማለት አያድንም። ጉማሬም አለ፤ ሲመሽና ሲነጋ ወደ ዳር ይወጣል። ልጅ ውሃው ውስጥ ከገባ ወዲያው አድርቁት፣ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ከታየም ሐዋሳ ሐይቅ መግባቱን ለሐኪም ንገሩ።

ስለዚህ የሚቀረው የሆቴሉ ገንዳ ነው። ገንዳውን የምትፈትኑበት ቀላል መንገድ አለ። ጥልቁ ጋ ቁሙና ወለሉን እዩ። የወለሉ መስመር ወይም የውሃ ማውጫው ክዳን ጥርት ብሎ ካልታየ ልጅ አይግባ። ውሃው ንጹሕ አለመሆኑ አንድ ነገር ሆኖ፣ የሰመጠ ልጅም አይታይም። የዋና ጠባቂ አለ ተብሎ አይታመን፤ ከቤተሰቡ አንድ አዋቂ ስልክ ሳይዝ ተረኛ ይሁን፣ በየ20 ደቂቃው ይቀያየር። «ሁላችንም እያየናቸው ነው» የሚባል ጊዜ ማንም የማያይበት ጊዜ ነው።

በበዓል ቀን ገንዳው የቀን መግቢያ ከፍሎ ለሚመጣ ሁሉ ክፍት ከሆነ ከ6 ሰዓት በኋላ መግቢያ አይገኝም፤ ያደረ እንግዳ ጥቅሙ ጠዋት ከ4 ሰዓት በፊት ገንዳውን ማግኘቱ ነው። ቢምቢ ከአራቱ ምርጫዎች እዚህ ይበዛል። የወባ ትንኝ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ ቀዳዳ የሌለው አጎበር መኖሩን አልጋው ላይ እዩ፣ ካልሆነ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ።

መሃል ከተማ ያለ ሆቴል

ዋጋው ይቀላል፣ ቢምቢው ይቀንሳል፣ ፋርማሲና ሐኪም ቤት ቅርብ ነው፣ ሐይቁ ድረስ ባጃጅ አለ። ችግሩ ግቢ የለውም። ከ5 እስከ 9 ሰዓት ልጆቹን የት ታውላላችሁ? መልሱ «ክፍል ውስጥ» ከሆነ ክፍሉ ኤሲ ወይም ጠንካራ ቬንትሌተር ሊኖረው ይገባል። በ30 ዲግሪ ቬንትሌተር በቂ ነው፣ ሰውነትን በእርጥብ ፎጣ እያበሱ ከሆነ ደግሞ በጣም ይሠራል። ለኤሲ ተጨማሪ ከመክፈል መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጀኔሬተር መኖሩን ማረጋገጥ ይበልጣል። ጥያቄውን ግን በደንብ ጠይቁ፦ ጀኔሬተሩ ክፍሎቹን ያነሳል ወይስ ኮሪደርና ሪሴፕሽን ብቻ?

ለቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ቤተሰብ ይህን ቦታ ሊመርጥ ይችላል። ቅዱስ ገብርኤል መሃል ከተማ ነው፣ የትንሣኤን ሌሊት አስቀድሶ በእግር መመለስ ይቻላል። በዚያው ልክ ጨቅላ ያላቸው ሰዎች የድምፅ ማጉያው ሌሊቱን እንደሚሰማ አውቀው ራቅ ያለ ሕንፃ ይያዙ።

ዕቃው የተሟላ ኪራይ ቤት

ከአምስት ሰው በላይ ለሆነ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ይህ ያዋጣል። ወጥ ቤት አለ፤ ዶሮ ወጡ እዚያው ይሠራል፣ በዓል ቀን ሬስቶራንት ወረፋ አይጠበቅም፣ ጨቅላው ሲተኛ ሌላው ሳሎን ይቀመጣል። ፍሪጅ መኖሩ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ማታ የውሃ ፕላስቲኮችን ሦስት አራተኛ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ (ሙሉ ከሆኑ ሲረጉ ይሰነጠቃሉ)፤ ጠዋት በፎጣ ጠቅልላችሁ ይዛችኋቸው ብትወጡ እስከ ከሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ አላችሁ። በግ ለማረድ ካሰባችሁ ባለቤቱን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ በርከት ያሉ አከራዮች አይፈቅዱም።

ጉድለቱ መብራትና ውሃ ነው። ጀኔሬተር ያለው ኪራይ ቤት ጥቂት ነው። ውሃ በፈረቃ ከሆነ ሮቶ መኖሩን ጠይቁ፤ ሮቶው ጣራ ላይ ፀሐይ ላይ ከሆነም ከሰዓት የሚወርደው ውሃ ሙቅ ነው። ልጅ ለማቀዝቀዝ አይሆንምና ጠዋት በባልዲ ቀድታችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ።

ጣራውን እዩ። ቆርቆሮ ሆኖ ኮርኒስ ያለው ቤት ቀን ላይ ይሞቃል፣ ፀሐይ ስትገባ ግን ቶሎ ይቀዘቅዛል። ሶሌታው የሆነው ተቃራኒ ነው። ቀን ውጭ ለሚውል ቤተሰብ ቆርቆሮው፣ ቀን ቤት ለሚቆይ ደግሞ ከላዩ ፎቅ ያለው አፓርታማ ይስማማል።

ወንዶ ገነት

ከሐዋሳ በሻሸመኔ በኩል አድርጎ በተራራ ግርጌ ያለ ደን የለበሰ ቦታ ነው። ጥላውን በተመለከተ ከአራቱ አንደኛ ነው፤ ሌሊቱም ከሐዋሳ ይቀዘቅዛል፣ ለልጆች ሹራብ ያዙ። ጉሬዛና ጦጣ ማየቱ ለልጆች ደስታ ነው፣ ብቻ ጦጣዎቹ ምግብ ከእጅ ስለሚነጥቁ ሙዝ ተይዞ አይኬድም።

አንድ ነገር ግን ይሳታል። ፍልውሃው ሙቅ ነው። በቀትር ሙቀት ለማምለጥ ፍልውሃ መግባት ሙቀት መጨመር ነው፤ ሰውነት ላቡን ማትነን ሲያቅተው ልጁ ይዝላል፣ ራሱን ያዞረዋል። ጠዋት በማለዳ ወይም ሲመሽ ግቡ፣ ልጆች ከ10 ደቂቃ በላይ አይቆዩ፣ ሲወጡ ውሃ ይጠጡ። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመምተኛና ጨቅላ ሕፃን ይለፋቸው። ቅዳሜና እሑድ ከሻሸመኔም ከሐዋሳም የሚመጣው ሰው ስለሚበዛ ፍልውሃው በሥራ ቀን ነው የሚታየው።

ሰው የሚበዛበት ቀን

ሙቀቱን በክፍልና በጥላ ትችሉታላችሁ፤ ግርግሩን ግን በቀን መምረጥ እንጂ በሌላ ማምለጥ አይቻልም። በቅዳም ሥዑር መንገዱ ይጨናነቃል። በትንሣኤ ዕለት እስከ ከሰዓት ሰው ቤቱ ስለሆነ ሐይቅ ዳሩ ጸጥ ይላል፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቅ ዳር መናፈሻ ይሞላል። ሰኞ ከሁሉ የከፋ ነው። ረቡዕ ላይ ከተማዋ ተመልሳ የራሷ ትሆናለች።

የገብርኤል ንግሥ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ነው፤ በሁለቱ ሰሞን አልጋ አይገኝም፣ ከተገኘም ዋጋው ሌላ ነው። በ2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ ሐዋሳ ባለው የጉዱማሌ አደባባይ ይከበራል። ቀኑን አያንቶዎች (የሲዳማ ባህላዊ የከዋክብት አዋቂዎች) ከዋክብት አይተው ስለሚወስኑት በየዓመቱ ይለያያል፤ ከመያዛችሁ በፊት አረጋግጡ። በዓሉን ለማየት የምትሄዱ ከሆነ ግን ግርግሩ ራሱ በዓሉ ነውና አልጋውን አስቀድማችሁ ያዙ፣ ልጆቹን ጠዋት ውሰዱ፣ ስልክ ቁጥራችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ኪሳቸው ውስጥ ክተቱ፣ ቢጠፉ የሚቆሙበትን አንድ ቦታ አሳዩአቸው።

የሐይቅ ዳሩ የዓሣ ገበያ አሞራ ገደል ከጠዋቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ይኬድ። ዓሣው ሲወርድ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሲሻሙ ያኔ ነው የሚታየው፤ ሐይቁም ጠዋት ረጋ ያለ ስለሆነ ጀልባ በዚያው ይያዝ። ለልጁ ልክ የሆነ ላይፍ ጃኬት ከሌለ ጀልባው ይቅር። የአዋቂው ለልጅ አይሆንም፤ ውሃ ውስጥ በአንገቱ ወጥቶ ይቀራል። ሾርባውና ጥብሱ ለልጅ ጥሩ ነው፣ ጥሬው ዓሣ ግን አይሰጥ።

ባጭሩ

| መለኪያ | ሐይቅ ዳር | መሃል ከተማ | ኪራይ ቤት | ወንዶ ገነት |
|---|---|---|---|---|
| የቀትር ጥላ | ዛፍ ካለ በጣም ጥሩ | ደካማ | እንደ ግቢው | ከሁሉ የተሻለ |
| የማታ ክፍል | ወደ ምሥራቅ ካየ ጥሩ፣ ወደ ሐይቁ ከባድ | እንደ ፎቁ | እንደ ጣራው | ቀዝቃዛ |
| ለልጆች ውሃ | ገንዳ | ከፍሎ ሌላ ቦታ | ባልዲ | ፍልውሃ፣ ጠዋትና ማታ ብቻ |
| የበዓል ግርግር | ከፍተኛ | መካከለኛ፣ ለንግሥ ከፍተኛ | ዝቅተኛ | ቅዳሜና እሑድ ከፍተኛ |
| ቢምቢ | ብዙ | ያነሰ | እንደ ሰፈሩ | አለ |
| ወጪ | ከፍተኛ | ዝቅተኛ | ለብዙ ሰው ዝቅተኛ | መካከለኛ፣ መኪና ይፈልጋል |

ለማን የትኛው?

ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ያለው ቤተሰብ አቅሙ ከፈቀደ ሐይቅ ዳር፣ ወደ ግቢው የሚያይ፣ ከላዩ ፎቅ ያለው ክፍል ይያዝ። ለሁለት ሌሊት ብቻ ገንዘብ ካለ ለሦስት ሌሊት ርካሽ ቦታ ከመቆየት ይህ ይሻላል። አያትና አጎት፣ ልጆችም ያሉበት ሰፊ ቤተሰብ ኪራይ ቤት፤ ባጀቱ የጠበበ ደግሞ መሃል ከተማ አድሮ አንዱን ቀን ብቻ፣ በሥራ ቀን፣ የገንዳ መግቢያ ይክፈል። ግርግር የማይወድና መኪና ያለው ወንዶ ገነት ሁለት ሌሊት አድሮ ሐዋሳን በማለዳ ጎብኝቶ ይመለስ።

ቀኑን ለመምረጥ ነፃ ለሆነ ሰው ከፋሲካ ይልቅ ትምህርት ቤት የተዘጋበትን፣ ከሐምሌ 19 ንግሥ በኋላ ያለውን ሰሞን እንመርጥለታለን። ዝናብ አለ፣ ሙቀቱ ግን ይበርዳል፣ አልጋም እንደልብ ነው።

ስልክ ስትደውሉ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ይበቃል፦ «እህቴ፣ መስኮቱ ወደ ሐይቁ ነው ወደ ግቢው? ከላዩ ሌላ ፎቅ አለ? አጎበር አለው? ጀኔሬተሩ ክፍሉን ያነሳል? በበዓሉ ቀን ገንዳው ለውጭ ሰው ይከፈታል? የነገርሽኝ ዋጋ ታክስና ሰርቪስ አለበት?» የመጨረሻውን አትርሱ። 1,000 ብር የተባለ ክፍል 10 በመቶ ሰርቪስ ሲጨመርበት 1,100፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲሰላ 1,265 ብር ይሆናል። በሦስት ሌሊት ወደ 800 ብር ልዩነት ነው።

ልጅ ሙቀት ሲመታው

ውጭ የሚጫወት ልጅ ጠማኝ እስኪል አይጠበቅም፤ በየ20 ደቂቃው ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ይጠጣ። ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ውሃ ሳይሆን ጡት ቶሎ ቶሎ ነው የሚሰጠው። ልጁ ከዛለ፣ ራሱን ካመመው ወይም ካቅለሸለሸው ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ ልብሱን አውልቁ፣ በውሃ እያራሳችሁ አራግቡለት፣ ኦአርኤስ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን በጥብጣችሁ በትንሽ በትንሹ ስጡት። ፓኬት ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ልክ የሆነ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ካቃዠ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይሰጥ፤ እያራሳችሁ በቀጥታ ሐኪም ቤት። ቆሞ በተዘጋ መኪና ውስጥ ደግሞ «ውሃ ልግዛና ልምጣ» ተብሎ እንኳ ልጅ አይተው፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ያህል ይጨምራል።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዳማ የሚነሳ ሰው በሞጆ ይያያዛል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ የወጣ ሰው የባቱንና የላንጋኖን ሜዳ ፀሐይዋ ሳትከር ያልፋል። በፋሲካ ዋዜማ የሚያዘገየው ሻሸመኔ ነው፤ ገበያው መንገዱን ሳይሞላው ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ብታልፉት ጥሩ ነው። በአውቶብስ ከሆነ ጠዋት ወደ ደቡብ ስትወርዱ ፀሐይ በግራ ነው የምትመጣው፤ ልጆቹን በቀኝ በኩል አስቀምጡ። ስትመለሱ ጠዋት ከሆነ በግራ፣ ከሰዓት ከሆነ በቀኝ።